ከአትሮንስ እስከ እጅ ስልክ፦ የመገናኛ ብዙኃንና የንባብ ልማዳችን በአዊ ምድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህችን ጽሑፍ ያስጀመረችን አንዲት ጥቅስ ናት። በአጥቢያችን የእሑድ ጉባኤ ላይ አንዲት እኅት ስለ ትዕግሥት ስታስተምር የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው ብላ አንድ ያማረ ቃል ጠቀሰች። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በስልካችን ላይ ከቅዱሱ ሥዕል ሥር ተጽፎ ደጋግመን አይተነዋልና። ጉባኤው ሲያበቃ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የኔታ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ በየትኛው ድርሳኑ ላይ ነው ያለው? እኔም ልየው ብዬ ነው» አሏት። በቁጣ አልነበረም፤ በእውነት ሊያነቡት ፈልገው ነው። እርሷ ዝም አለች፤ እኛም ዝም አልን። ድርሳኑ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ እናውቃለን፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

እንዲህ ባለ ጊዜ ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ስልክ ነው። ትውልዱን ከመጽሐፍ የለየው እርሱ ነው እንላለን። እኔም እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። ሆኖም የጎጃምንና የአዊን የንባብ ታሪክ መለስ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከመጽሐፍ ውጭ ያለ ድምፅ ሁሉ የመጽሐፍ ባላጋራ አልነበረም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ሰውን እጁን ይዞ ወደ መጽሐፍ ያደረሰ ነው። ሌላው ደግሞ ከደጃፍ አስቀርቶታል። ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው?

በጆሮ የሚነበብ መጽሐፍ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ የምናልፋት አንዲት ነገር ግን በውስጡ አለች። ጃንደረባው በሰረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ ሰማው ይላል እንጂ አየው አይልም። ሰውየው የሚያነበው ለራሱ ነው፤ ነገር ግን ድምፁን አውጥቶ ነበር። በጥንቱ ዓለም ንባብ በአመዛኙ እንዲህ ነበረ። በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አውግስጢኖስ በሚላን ከተማ የነበረውን ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስን ድምፁን ሳያሰማ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ ባየው ጊዜ እንደ እንግዳ ነገር አድርጎ ጽፎታል።

የእኛም አብነት ትምህርት በዚህ መንገድ የቆመ ነው። ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወደ ወንጌል፣ ወደ ዳዊት ያልፋል። ያንኑ ገጽ መጀመሪያ በግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ፣ ከዚያ በቁም ንባብ ይመላለስበታል። ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉት የንባብ ስልቶች በፊደሉ ላይ አይታዩም፤ ከየኔታ አፍ የሚቀበሏቸው ናቸው። ስለዚህም ነው ዓይነ ሥውር የሆኑ መምህራን ሳይቀሩ የተማሪውን ስሕተት ከሩቅ ሰምተው የሚያርሙት። ጆሮ የዓይን አስተማሪ ነበረ ማለት ነው።

ከአገው ምድር ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የሄደው ልጅ ድካሙ ከሌላው ይበልጥ ነበር። በእናቱ ቤት የሰማው አዊኛ ነው፤ ከየኔታ የሚሰማው ትርጓሜ በአማርኛ ነው፤ በብራናው ላይ ያለው ግእዝ ነው። በሦስተኛ ቋንቋው ማንበብን ተምሮ ቅኔ እስከ መቀኘት የደረሰ ልጅ ትዕግሥቱን ከወዴት አገኘው ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኛ በአንደኛ ቋንቋችን የተጻፈ ባለ አርባ ገጽ መጽሐፍ ረዘመብን የምንል ነን።

መጽሐፍ ግን በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ለአንድ ዳዊት የሚሆን ብራና የሚወጣው ከብዙ ፍየል ቆዳ ነው፤ ጽሕፈቱ ወራት ይፈጃል። ተጽፎ ካለቀ በኋላ ማኅደር ተሰፍቶለት ከግድግዳ ይሰቀላል። ስለዚህ አንዱ ያነባል፣ ብዙው ይሰማል። ስንክሳርን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ በሁለት ጥራዝ፣ ከመስከረም እስከ የካቲትና ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን ተከፍሎ ይገኛል፤ ለእያንዳንዱ ዕለት የዕለቱ አለው። ምእመኑ የዛሬውን ይሰማል፣ ንባቡ ያልቃል፣ መጽሐፉ ይታጠፋል፤ ነገ ሌላ ነው። ይህች «ያልቃል» የምትለዋ ቃል ኋላ ታስፈልገናለችና በልባችሁ አኑሯት።

አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር መስጋትም አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ፕላቶን ከክርስቶስ ልደት አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው በአንዱ መጽሐፉ፣ ጽሕፈት የተባለ ጥበብ ሲቀርብለት ሰዎች በጽሑፉ ተማምነው ትዝታቸውን ይጥላሉ ብሎ የተቃወመ የግብፅ ንጉሥ ታሪክ አለ። እንግዲህ ዛሬ ስልክን የምንወቅስበትን ወቀሳ ያን ጊዜ የተወቀሰው መጽሐፍ ራሱ ነበር።

ዳንግላ በ1933 ዓ.ም.

ዳንግላ በጽሑፍ ታሪክ ስሟ ቀደም ብሎ የተነሣ ከተማ ናት። ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን መቀመጫው በዚያ ነበረ። ከዚያ እየተነሣ የጣናን ደሴቶችና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ ያየውን በመጽሐፍ ጽፎ በ1936 እ.ኤ.አ. በአገሩ አሳተመ። መጽሐፉ ስለ እኛ ነው፤ ያነበቡት ግን ሌሎች ናቸው። ስለ ራስ የተጻፈውን ሳያነቡ መኖር እንግዲህ ከስልክ በፊትም ነበረ።

መገናኛ ብዙኃን ወደ ምድራችን ከገቡባቸው በሮች አንዱ ጦርነት ነው። ጃንሆይ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ካርቱም ከደረሱ በኋላ፣ የአንበሳ ማኅተም ያለባቸው የአማርኛ አዋጆች በአውሮፕላን ወደ አገር ውስጥ ይበተኑ ጀመር። ጎጃም ደግሞ አርበኝነቱ የጸናበት፣ በዳንግላ አካባቢም እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ የተሰለፉበት አገር ነበረ። የቅስቀሳውን ሥራ የመራው ጆርጅ ስቲር የተባለ ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ጋዜጠኛ ሆኖ የኢትዮጵያን ወረራና የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም የዘገበ ነበር። «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ ያዘጋጀው የእርሱ ክፍል ነው፤ ጋዜጣው በኋላ ስሙ ተለውጦ «ሰንደቅ ዓላማችን» ተባለ። ድምፅ ማጉያም ይዘው ወደ ጠላት ምሽግ እየተጠጉ ይናገሩ ነበር። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣልያን ዳንግላን ለቆ ወጣ። በዚያው ዓመት ግንቦት 30 ቀን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በአዲስ አበባ መታተም ጀመረ።

ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ወረቀቱ ከሰማይ ከወደቀ በኋላ የሆነው ነው። የወደቀውን ወረቀት ያነሣ ገበሬ ማንበብ ካልቻለ ወደ ማን ይወስደዋል? ዳዊት ወደ ደገመው ነዋ፤ ወደ ቄሱ፣ ወደ ደብተራው፣ ወደ ዲያቆኑ። እርሱም ከሰው መካከል ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። አዲሱ መገናኛ በአሮጌው የንባብ ሥርዓት ላይ ተሳፍሮ ሄደ፤ ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችው አንባቢ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ወረቀት ለእሳት ማያያዣ በሆነ ነበር።

የባትሪ ድንጋይ በፀሐይ

ሬዲዮ በአገራችን የተጀመረው ከወረራው በፊት ነው፤ የአቃቂው ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር። ወደ ገጠሩ የደረሰው ግን በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ሬዲዮ ከመጣ በኋላ ነው። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ማኅበር ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ሥርጭት ሲጀምር ከኦርቶዶክሳውያን ቤትም ገብቷል፤ በ1969 ዓ.ም. መንግሥት ወርሶት ስሙ ተለወጠ። የራሷ ሬዲዮ ያልነበራት ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ጊዜ ምን ታስብ እንደ ነበር ሌላ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ነገር ነውና ልለፈው።

እኔ ልቆይበት የምፈልገው «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዝግጅት ላይ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው የጎጃም ልጅ ናቸው፤ በአብነት ትምህርት ያለፉ፤ የመጽሐፋቸውም ዋነኛ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጣ ነው። መጽሐፉ ግን ወፍራም ነው፤ ዋጋውም ለብዙ ሰው የሚቀመስ አልነበረም። በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ዓይቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰማው።

አባቴ በዳንግላ አካባቢ መምህር ነበር። ሬዲዮው የቆዳ ልባስ የነበረው፣ በጎኑ በሽቦ የታሰረ ነው። የትረካው ሰዓት ከመድረሱ በፊት የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸው ነበር፤ እኛ ልጆች ዶሮ እንዳያንከባልላቸው እንጠብቃለን። ትረካው ሲጀመር የጎረቤት ሰው ይሰበሰባል፤ የሚያስል ሰው እንኳ ወደ ደጅ ይወጣል። ክፍሉ ሲያልቅ ግን ሬዲዮው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ባዶ ነው፤ ያ ባዶ ጊዜ ሰውን አላስቀምጥ አለው። አባቴ መጽሐፉን ከአንድ የሥራ ባልደረባው ተውሶ በኩራዝ አነበበው፤ እኛም ካደግን በኋላ «በራሴ ድምፅ አላነበብኩትም፣ ገጹን ስገልጥ የሚሰማኝ የወጋየሁ ድምፅ ነበር» ይለን ነበር።

ሬዲዮው ያደረገው ነገር የኔታ የሚያደርገው ነው። መጀመሪያ በጆሮ አሰማ፤ ጥቂት ሰጥቶ ጥቂት አስቀረ፤ የቀረውን ፍለጋ ሰውየው ራሱ ሄደ። እውነት ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥን በአንድ ጣቢያ፣ በጥቂት ሰዓታት የተወሰነ ነበር፤ በገጠሩ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። ሰው ያነብ የነበረው ከእኛ ስለሚሻል ብቻ አይደለም፤ ምሽቱን የሚሻማበት ነገርም አልነበረም።

በደርግ ዘመን፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ፊደል አስቆጠረ። አዊኛ ከእነዚያ መካከል አልነበረም። ስለዚህ የአዊ ገበሬ ዳግመኛ በሌላ ቋንቋ ፊደል ቆጠረ። በትምህርት ቤት ልጆች በአዊኛ መማር የጀመሩት ከደርግ መውደቅ በኋላ ነው፤ ከዚያም የክልሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአዊኛ ማሰማት ጀመሩ። እዚህ ላይ ፍርዳችንን ማለዘብ ይገባናል። አንዲት የእንጅባራ እናት በገዛ ቋንቋዋ የአገሯን ወሬ የሰማችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከሬዲዮ ነው። በአዊኛ የተጻፈ የሚነበብ መጽሐፍ ጥቂት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። «ለምን አታነቢም?» ከማለታችን በፊት ምን ጽፈን ሰጠናት?

የማያልቀው

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1980ዎቹ የስብከትና የመዝሙር ካሴት በየሱቁ ተሰቀለ። በዚያው ዘመን «ሐመር» መጽሔትና «ስምዐ ጽድቅ» ጋዜጣም ይወጡ ስለ ነበር ካሴቱና ኅትመቱ ተደጋግፈው ሄዱ፤ የስብከት ካሴት ሰምቶ ጋዜጣውን ያልያዘ የግቢ ጉባኤ ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ከዚያ ዲሹ መጣ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ በብዙ ቤት የማታው ጸሎት ሰዓት መገፋቱን የማያስታውስ የለም። የቤተ ክርስቲያናችንም ቴሌቪዥኖች ተከፈቱ። ከዚያም ስልኩ።

ስልክ ከሬዲዮ የሚለየው ድምፅ ስለሆነ፣ ሥዕል ስለሆነ አይደለም። አያልቅም። ስንክሳሩ ያልቃል፤ የሬዲዮው ትረካ ያልቃል፤ ካሴቱም ገጹ ሲያልቅ ጭጭ ይላል። በቲክቶክና በፌስቡክ ግን አንዱ ሳያበቃ ሌላው ይተካል፤ አባቴን ወደ መጽሐፍ የሰደደው ያ ባዶ ጊዜ ጠፋ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ቁራሹ ከምንጩ ተቆርጦ መምጣቱ ነው። የአንድ ሰዓት ስብከት አንድ ደቂቃ ይሆናል፤ የአበው ቃል ያለ ምዕራፍና ያለ ቁጥር በሥዕል ሥር ይለጠፋል። ወጋየሁ ሲተርክ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰሚው ያውቅ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ለቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ያልተናገረውን ቢሰጠው ማን ያርመዋል? ያላነበበ ሰው አያርምም። ለእኛ ለሰንበት ትምህርት ቤት ሰዎች አደጋው ይህ ነው፤ በምንፍቅና የተሞላ ጽሑፍም በዚያው ሥዕል ሥር፣ በዚያው ፊደል ይመጣልና።

ስልኩን ብቻ አንውቀስ። የወረቀት ዋጋ በጨመረ ቁጥር የመጽሐፍ ዋጋ ከተማሪ አቅም በላይ ወጥቷል። በስልኩም ላይ ቢሆን ከእኛ አካባቢ መጻሕፍት መሸጫ የማይገኙ፣ ተቃኝተው በቴሌግራም የሚላኩ መጻሕፍት አሉ፤ ከዳንግላ ሳይወጣ በስልኩ የሊቃውንትን ትርጓሜ የሚያነብ ዲያቆን አውቃለሁ።

ደግሞስ ስልኩ ዝም ያለበትን ጊዜ አይተነዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት ገደማ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረውን ሌላውን ሐዘን ለጊዜው ላቆየውና፣ ስለ ንባብ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ሰው ሁሉ ወደ መጽሐፍ ይመለሳል ብዬ አስቤ ነበር። አልተመለሰም። ወጣቶቹ በሚሞሪ ካርድ የተጫነ ፊልም ይቀባበሉ ነበር፤ አንዳንዱ ቀድሞ ያየውን እየመላለሰ ያያል። በዚያ ጊዜ አንባቢ ሆነው ያየኋቸው ከዚያ በፊትም ያነቡ የነበሩት ናቸው፤ እነርሱ ግን እጥፍ አነበቡ። መንገድ በተዘጋበት ወር አዲስ መጽሐፍ ስለማይመጣ ያለውን ደጋግመው ጨረሱት። ስልኩ ሲጠፋ ባዶው ጊዜ ተመልሶ ነበር። ወደ መጽሐፍ የሚመራ ድምፅ ግን አልነበረም፤ የቁም ሣጥናችን ቁልፍም የጠፋው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ወደዚያች ጥቅስ ልመለስ። ቁልፉ ከቀድሞ የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊያችን ቤት ተገኘ። ድርሳኑን አውጥተን አቧራውን ከጠረግን በኋላ እኅታችን ጥቅሱን ልትፈልግ ጀመረች፤ አራት ሆነው ከእሑድ ጉባኤ በኋላ በየተራ ድምፃቸውን አውጥተው ያነባሉ፤ አንዱ ከሚነበበው ለአንድ ደቂቃ የሚሆነውን በስልኩ እየቀዳ፣ የድርሳኑን ቁጥርና ገጹን ጽፎ በቴሌግራም ይልካል፤ ቀጣዩን ግን አይልክም፣ ለሚመጣው እሑድ ያቆየዋል። የኔታም አልፎ አልፎ መጥተው ከዳር ይቀመጣሉ፤ ግእዙ ሲሳሳት ይሰማቸዋል። ጥቅሷን እስከ ዛሬ አላገኟትም። ባለፈው እሑድ ስድስተኛው ድርሳን ላይ ነበሩ፤ አሁን ሰባት ሆነዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።